ገብሱን የሚቀልበው የባቄላ ሥር

በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ መሬት ተከራይቶ ገብስ ሊዘራ ያሰበ ሰው ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «አምና ምን ነበረበት?» መልሱ «ባቄላ» ከሆነ ፊቱ ይፈታል። «ገብስ ነበረ፣ ካቻምናም ገብስ ነበረ» ከተባለ ዋጋ ሊያስቀንስ ይከራከራል። ይህን ጥያቄ ከአያቴም ከአባቴም አፍ ሰምቼዋለሁ። በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት በዞርኩባቸው የጌራ ምድር ቀበሌዎችም ይህን ሳይጠይቅ መሬት የሚይዝ ገበሬ አላየሁም። ከባቄላ በኋላ የሚመጣ ገብስ ቅጠሉ ጠቆር፣ አገዳው ወፈር፣ ዛላው ሞላ ይላል። የመንዝ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገውም፤ አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ያወቀው ነው።

ያላየው ምክንያቱን ነው። ምክንያቱ ከአፈር በታች ይኖራል፤ ቢቆፈርም በዓይን አይታይም። ስለዚያ የማይታይ ፍጥረት በአማርኛ ለተራው አንባቢ የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ ነው እኔ ብዕር ያነሣሁት።

እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ጤፋችን ከቆላው ይመጣል። የምንኖረው በገብስ፣ በባቄላ፣ በምስር፣ በስንዴና በበግ ነው። ባቄላው ዓመቱን ሙሉ ከቤታችን አይጠፋም፤ በመስከረምና በጥቅምት እሸቱ፣ ከዚያ ቆሎው፣ ንፍሮውና አሹቁ፣ በጾም ወራት ደግሞ ሥልጆውና እልበቱ። ኢትዮጵያ ባቄላ በማምረት ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ይህን ያህል የምንዘራውን ሰብል ሥሩን አጥቦ ያየ ሰው ግን በየቀበሌው ስንት ይገኛል?

እስቲ በነሐሴ መጨረሻ፣ ባቄላው አበባ ሲይዝ፣ አንዱን እግር በዶማ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሡት። አትንቀሉት፤ ከተነቀለ የምንፈልገው ነገር አፈሩ ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። በባልዲ ውኃ ነክራችሁ አፈሩ ቀስ ብሎ ይለቅ። ከዋናው ሥርና ከቅርንጫፎቹ ላይ የተጣበቁ፣ አንዳንዱ ለብቻው የበቀለ፣ አንዳንዱ ተደራርቦ ዘለላ የሠራ፣ የምስር ፍሬ የሚያክሉ እባጮች ታያላችሁ። ባለሙያዎች ኖዱል ይሏቸዋል።

እነዚህን እባጮች ማሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኋቸው አንዲት እናት ደንግጠው፣ «ይሄ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። መደንገጣቸው ምክንያት አለው። በእኛ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ቆርምድ የሚባል በሽታ ገብቶ የባቄላውን ቅጠልና ግንድ በእባጭ ሞልቶ፣ አኮማትሮ፣ ስንቱን ማሳ አውድሟል። መጀመሪያ ኦልፒድየም የሚባል ፈንገስ ያመጣው መስሎ ነበር፤ በኋላ የተዋህሲው ዘረመል ሲመረመር ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ተዋህሲ መሆኑ ተጽፏል። በቆርምድ የተቃጠለ ሰው እባጭ ሲያይ ቢሸበር አይፈረድበትም። «አይደለም እማማ፣ ይሄኛው እርስዎን የሚያገለግል ነው» ብዬ አንዱን እባጭ በጥፍሬ ሰነጠቅሁላቸው። ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነበር።

ያ ቅላት ከደማችን ጋር ዘመድ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን እንደሚባል ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ተምረናል። ባቄላም በሥሩ እባጭ ውስጥ የዚያን ዘመድ ይሠራል፤ ስሙ ሌግሄሞግሎቢን ነው። ለምን እንደሚሠራው ለመረዳት እባጩ ውስጥ ማን እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚኖረው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በፊት አፈር ውስጥ ብቻውን፣ የበሰበሰ ነገር እየለቀመ የሚኖር ፍጥረት ነበር። ባቄላ ሲበቅል ከሥሩ የተለየ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ያንጠባጥባል። ባክቴሪያው ያንን ሲያገኝ የራሱን ኬሚካላዊ መልስ ይልካል። ሁለቱ ከተግባቡ የሥሩ ፀጉር ጫፍ ይጠመለላል፣ ባክቴሪያውን ያቅፈዋል፣ በቀጭን መስመር ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሥሩም ለእንግዳው እባጩን ይሠራለታል። ካልተግባቡ በሩ አይከፈትም። ለባቄላ፣ ለአተርና ለምስር የሚከፈተው በር አንድ ነው፤ ሦስቱም የሚቀበሉት ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም የተባለውን ወገን ነው። ሽምብራ ሌላ ዓይነት ይፈልጋል፣ አኩሪ አተርም ሌላ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

እንግዳው ቤት ከገባ በኋላ ሥራው አየርን ምግብ ማድረግ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ገብስም ስንዴም ባቄላም ከምንም በላይ የሚራቡት ናይትሮጅንን ነው። ግን በአየር ውስጥ ያሉት ሁለት ሁለት የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ጥብቅ ማሰሪያ ተቆራኝተው ስለሚኖሩ ተክል ሊበላቸው አይችልም። የሰው ልጅ ያንን ማሰሪያ በፋብሪካ መበጠስ የቻለው ገና በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ዘዴውን አሳየ፣ ካርል ቦሽ በፋብሪካ ደረጃ አሳደገው፣ በ1913 ማምረት ተጀመረ። ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከተራው አየር በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ይጠይቃል። ዛሬ የምንበትነው ዩሪያ ከዚያ ዘዴ የተወለደ ነው። ባክቴሪያው ግን ይህንኑ ሥራ በመንዝ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ፣ ያለ እሳትና ያለ ጭስ ማውጫ ይሠራዋል። መሣሪያው ናይትሮጂኔዝ የሚባል ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም አንድ ድክመት አለው፤ ኦክስጅን ከነካው ይበላሻል። ቀዩ ሌግሄሞግሎቢን የሚመጣው ለዚህ ነው። ኦክስጅኑን እየያዘ ባክቴሪያው ለመተንፈስ የሚበቃውን ያህል ብቻ ቀስ እያደረገ ያደርሰዋል። እባጩ ሲሰነጠቅ ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ወይም ያ ባክቴሪያ ሰነፍ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ዘመኑን ጨርሷል።

ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን እንደሚወስድ እ.ኤ.አ. በ1886 ለሳይንስ ጉባኤ ያስረዱት ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው። በ1888 ኔዘርላንዳዊው ማርቲነስ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አሳደገው። ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ ባክቴሪያው በጠርሙስ ለገበሬ መሸጥ ጀመረ። ይህ ሁሉ የሆነው ከአድዋ ጦርነት በፊትና ዙሪያ ነው። የመንዝ ገበሬ በዚያን ጊዜም ባቄላና ገብስን ያፈራርቅ ነበር።

ሒሳቡን ደግሞ እንመልከተው፤ ተስፋ ብቻ ይዞ ገበሬ ዘንድ መሄድ ነውር ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ጥሩ ባክቴሪያ ያገኘ ባቄላ በሄክታር ከ50 እስከ 200 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከአየር ሊይዝ እንደሚችል ያሳያሉ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። እንግዲህ ዝቅተኛው ግምት እንኳ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ይበልጣል። ዩሪያው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ፣ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ እስኪደርስ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ይገባዋል። ሁሉም ግን መሬት ውስጥ አይቀርም። አንድ ኩንታል የባቄላ ፍሬ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። በአገር ደረጃ የባቄላ ምርት በሄክታር 20 ኩንታል አካባቢ ስለሆነ 80 ኪሎው ወደ ጎተራ ይገባል። ገለባውንም በጎች ይበሉታል። ለገብሱ የሚተርፈው ሥሩ፣ የረገፈው ቅጠልና ባቄላው ከአፈሩ ሳይወስድ የቀረው ናይትሮጅን ነው። ባክቴሪያው ደካማ ከሆነ ባቄላው ራሱ አፈሩን ይመጠምጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ገብሱ ያንን ይከፍላል። «ባቄላ ነበረበት» መባሉ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው።

በመንዝ አፈር ውስጥ ባክቴሪያው ከድሮም አለ። ባቄላ ለብዙ ዘመን የተዘራበት አገር ስለሆነ ማንም ምንም ሳይጨምርበት ሥሩ እባጭ ያወጣል። ነገር ግን የአፈሩ ነዋሪዎች እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ሥሩ ውስጥ ገብቶ የተክሉን ስኳር እየበላ እዚህ ግባ የሚባል ናይትሮጅን አይሰጥም። የምርምር ሥራው ትጉሁን መርጦ፣ አባዝቶ፣ ዘሩ ላይ ለብጦ ቀድሞ ሥሩን እንዲይዝ ማድረግ ነው። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ከአገር ውስጥ አፈር ከተለዩት መካከል ለባቄላ ኢኤኤል-110 የተባለው በብዛት ይታወቃል። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ደግሞ እነዚህን ባክቴሪያዎች አምርቶ በፓኬት የሚያወጣ የአገር ውስጥ ድርጅት ነው። በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ይመራ የነበረው ኤን ቱ አፍሪካ የተባለው ፕሮጀክትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኢትዮጵያ ከባቄላ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከቦሎቄ ገበሬዎች ጋር ይህንን አስፋፍቷል።

ፓኬቱ ትንሽ ናት። ለሩብ ሄክታር፣ ማለትም ለአንድ ጥማድ መሬት፣ 125 ግራም ትበቃለች። ውስጧ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ የባክቴሪያው ማደሪያ እንጂ ማዳበሪያ አይደለም። በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕያዋን አሉ፤ ጥሩ ሆኖ ከተሠራ ቢሊዮን ይደርሳሉ። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በአህያ ጭኖ ወደ ቤቱ መመለስ የለመደ ሰው ይህችን በደረት ኪሱ ይዞ እንዲሄድ ሲነገረው አለማመኑ አይገርመኝም። «ይቺ ናት ማዳበሪያው?» ብሎ ከእጄ ተቀብሎ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ የመረመራት ሰው አለ። እኔም ከእጁ ተሽቀዳድሜ ወደ ጥላ ወሰድኳት። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው። ፓኬቷ ውስጥ ያለው ነገር ይሞታል።

ዩሪያ አይሞትም። መጋዘን ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ዩሪያ ነው። ባክቴሪያው ግን ፀሐይ ይገድለዋል፣ ሙቀት ይገድለዋል፣ ድርቀት ይገድለዋል፣ በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር ሊገድለው ይችላል፣ ከኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ሳፋ ቢታሽ የማዳበሪያው ጨውና ኮምጣጣነት ይገድለዋል። የምርት ቀኑ ከተጻፈበት ስድስት ወር ገደማ ሲያልፍ ብዛቱ እየመነመነ ይሄዳል። በእኛ አገር ደግሞ ማንኛውም ግብዓት የሚጓዘው የማዳበሪያ ከረጢት በለመደው መንገድ ነው፤ በጭነት መኪና ጣሪያ፣ በቆርቆሮ መጋዘን፣ ከዚያ እስኪታደል ድረስ ጥግ ላይ። አንድ ዓመት ፓኬቶቹ በእጃችን የገቡት ባቄላው በቅሎ ሁለት ቅጠል ካወጣ በኋላ ነበር። ዘር ላይ የሚታሽ ነገር ዘሩ ከበቀለ በኋላ ሲመጣ ምን ይደረግበታል? በሚቀጥለው ዓመት ይሆናል ተብሎ መደርደሪያ ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ለገበሬው የተሰጠው ጥቁር ዱቄት ብቻ ነበር፤ ሕይወት የለበትም። ውጤት አላመጣም፤ ገበሬውም «ባክቴሪያ የሚሉት ውሸት ነው» አለ። በሁለት ክረምት የተሰበረውን ያን እምነት ለመጠገን ከዚያ የበለጠ ክረምት ፈጅቷል።

አጠቃቀሙን ስገልጽ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹን እፈልጋለሁ፤ ዘር የሚመርጡትና የሚያበጥሩት እነሱ ናቸው። አንድ ሰኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቤቱ እመቤት የባቄላውን ዘር ሰፌድ ላይ አበጥረው፣ ነቀዝ የበላውንና የተሰበረውን ለቅመው አወጡ። ትንሽ ስኳር የሟሟበት ውኃ በጣሳ አዘጋጁ፤ ስኳሩ ዱቄቱን ከዘሩ ጋር ያጣብቃል። ዘሩን በሰፊ ሳፋ አድርገው፣ ውኃውን ረጨት ረጨት እያደረጉ አገላበጡት፤ እርጥበቱ ዘሩን እንዲያለብስ ብቻ ነው፣ ውኃ እንዲቋጥር አይደለም። ከዚያ ፓኬቷን ቀደው በላዩ ነስንሰው በእጃቸው አሹት፤ ነጣ ያለው ባቄላ ጥቁር ልብስ ለበሰ። ይህ ሁሉ የተደረገው ከድንጋዩ ቤት ጓዳ ነው፣ ደጅ ላይ አይደለም። ጥቂት አየር አግኝቶ ሲደርቅ በነጠላ ሸፍነው ለባለቤታቸው አስያዟቸው። «አሁኑኑ ዝራው፣ ወዲያው አልብሰው፣ ፀሐይ አታስመታው» አሏቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያሉት ተሰማ። መሬቱ እርጥበት ነበረው፤ በሬው እየመለሰ አፈር አለበሰው።

የመሐል ሜዳ ብርድ ለዚህ ሥራ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ባክቴሪያው ከሁሉ በላይ የሚወደው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥን ነው፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ግን የመንዝ የድንጋይ ቤት ወፍራም ግድግዳ ከወረዳ ከተማ የቆርቆሮ መጋዘን እጅግ ይሻላል። ፓኬቱ ታኅሣሥና ጥር ላይ ተመርቶ ሳይሆን ከመዝራቱ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ተመርቶ፣ በቀጥታ ለቤቱ ቢደርስ ብዙው ችግር ይቀላል።

ግን ቤቱ ከፈረሰ እንግዳው አይቀመጥም። ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ አፈሩ ከጎሳቆለ ትጉሁም ሰነፉም ያልቃል። የመንዝ አፈር ትልቁ ቁስል ኩበት ነው። ዛፍ በሌለበት ደጋ እንጨት ከየት ይመጣል? ከብቱና በጉ የሚጥለው ሁሉ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ምድጃ ይገባል። ማሳው ላይ የሚደርሰው ከቤቱ አጠገብ ያለው አሬዳ ብቻ ነው፤ አሬዳ ላይ የተዘራ ገብስ ከሩቁ ይለያል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት ግን ዓመት ሙሉ ጾሙን ያድራል። በደብረ ብርሃንና በሸኖ ዙሪያ ውኃ በሚተኛበት መሬት ደግሞ ከዚህ የከፋ ልማድ ነበር። ገበሬው ሣር የሸፈነውን አፈር ገልብጦ ይከምራል፣ በኩበት ለኩሶ ያቃጥለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል፤ እሳቱ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ በአንድ ጊዜ ይለቀዋልና። ከዚያ ግን መሬቱ ይዝላል፣ ለዓመታት ሳይታረስ ይቀራል። አፈር ሲቃጠል የሚቃጠለው በውስጡ ያለው ሕያው ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ቁስል ኮምጣጣነት ነው። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት 43 ከመቶው ገደማ በአሲድ የተጠቃ ነው ይባላል፤ ዝናብ የበዛበት ደጋ በተለይ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም ይለቀቅና ሥሩን ያደነድነዋል፤ ባክቴሪያውና ሥሩ የሚነጋገሩበት ኬሚካላዊ መልእክትም ይዳከማል፤ ለናይትሮጂኔዝ የሚያስፈልገው ሞሊብዲነም የተባለ ማዕድን አፈሩ ውስጥ እያለ ለተክሉ አይደርስም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ፓኬት ከመበተን በፊት ኖራ መበተን ይቀድማል። ፎስፈረስም እንደዚሁ። እባጩ ናይትሮጅን ለመሥራት ብዙ ጉልበት ይፈጃል፣ ያ ጉልበት የሚመላለሰው በፎስፈረስ ነው። ባክቴሪያው ዩሪያን ሊተካልን ይችላል፣ ፎስፈረስን ግን ከአየር አያመጣም። ስለዚህ ለባቄላ «ማዳበሪያ ተዉ» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ዩሪያውን ተዉለት፤ ፎስፈረስ ያለውን በመስመሩ፣ ከዘሩ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ስጡት።

ይህ የባክቴሪያ ነገር የደጋ ብቻ፣ የጥራጥሬ ብቻ አይደለም። ሩዝን ተመልከቱ። ሩዝ በእኛ ክልል በፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተስፋፍቶ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል። የፎገራ ችግር ውኃ መተኛቱ ነበር፣ ሩዝ ደግሞ ውኃ ይወዳል፤ ተገጣጠሙ። ጨው ግን ሩዝ አይችልም። ለጨው ከሚሸነፉ የእህል ዘሮች አንዱ ነው፤ በተለይ ቡቃያ ሳለና ሲያብብ። በአገራችን በጨው የተጠቃ መሬት ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ይገመታል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ፣ ለጥጥ በመስኖ የለማ መሬት የማፋሰሻ ቦይ ስላልነበረው ከሥር ያለው ውኃ ከፍ አለ፤ ፀሐይ ውኃውን ስታነነው ጨው መሬቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። የወረር ምርምር ማዕከል ይህን ጨዋማ መሬት መልሶ ለማልማት ሲሠራ የኖረ ነው።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች እባጭ አይሠሩም። ከሩዙ ሥር ላይና ዙሪያውን ተለጥፈው የሚኖሩ፣ ባሲለስና ሱዶሞናስ የሚባሉ ወገኖች ናቸው። ሩዝ ጨው ሲነካው ኤትሊን የሚባል ጋዝ በብዛት ይሠራል፤ ጋዙ ሥሩ ማደግ እንዲያቆም ያዘዋል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ኤትሊን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ቀድመው ይበሉታል፤ ትእዛዙ ይቀራል፣ ሥሩ ማደጉን ይቀጥላል። ሌሎቹ የሚያዳልጥ ሙጫ እያወጡ ሶዲየሙን ከሥሩ ውጭ ይይዙታል። ሌሎቹ ሥር የሚያበዛ ሆርሞን ይሠራሉ። በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በግብፅ ዴልታ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። ጨውን ከመሬት የሚያወጣው ግን ውኃና ቦይ ነው፤ ባክቴሪያው ሩዙን ያበረታዋል፣ መሬቱን አያጥብለትም። ይህን ለይቶ የማይነግር ነጋዴ ገበሬን ይጎዳል።

ከአዋሽና ከመንዝ የምማረው አንድ ነገር አለ። ጨው የሚችል ባክቴሪያ የሚገኘው ጨዋማ አፈር ውስጥ ነው፤ እዚያ ኖሮ ለምዶታልና። ብርድ የሚችል ራይዞቢየምም ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ መፈለግ አለበት። አፈር ሲቀዘቅዝ እባጭ ለመውጣት ይዘገያል፤ የመንዝ ባቄላ ደግሞ ለመዘግየት ጊዜ የለውም፣ ጥቅምት ላይ ውርጩ ይቀድመዋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለው የምርምር ማዕከል ከጌራ፣ ከማማ፣ ከላሎና ከግሼ ባቄላ ሥር ላይ ቀዩን እባጭ እየለቀመ፣ በብርድ እየፈተነ፣ የመንዝን ባክቴሪያ ለመንዝ ቢያደርስልን ብዬ እመኛለሁ። ገበሬው ጥሩ ማሳ የቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ተማሪዎቻችን ሥር ቆፍረው አጥበው ማምጣት ይችላሉ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የአንድ ወረዳ ግብርና ሥራ ጥሩ ነው የሚባለው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሠራጨ ተብሎ ነው። 125 ግራም በኩንታል ሲለካ ምንም አይደለም፣ ሪፖርት ላይ አይታይም። በባቄላ የተሸፈነ መሬት ስንት ነው፣ በነሐሴ ተቆፍሮ ሲታይ እባጩ ቀይ የሆነው ስንቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ እኛ ሠራተኞቹም የምንሮጠው ሌላ ሩጫ ይሆን ነበር። ቆርምድን ፈርተው ባቄላ የተዉ ቤቶች ገብስ በገብስ ላይ እየዘሩ ነው፤ በየዓመቱ የሚገዙት ዩሪያ እየጨመረ ነው። ለእነሱ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ማድረስና ባክቴሪያውን ማድረስ አንድ ሥራ ነው። ባቄላ ከሌለ ባክቴሪያው ማደሪያ የለውም።

ይህን በነገርኩ ቁጥር መርሐቤቴ ያሉ ዘመዶቼ «ለእኛስ?» ይላሉ። ዓለም ከተማ አካባቢ ሽምብራና ማሾ የሚዘሩ ናቸው። የባቄላውን ፓኬት ወስደው ሽምብራ ላይ እንዳይነሰንሱት እለምናቸዋለሁ፤ የሽምብራ በር ለሌላ ባክቴሪያ ነው የሚከፈተው፣ ሜዞራይዞቢየም ለሚባለው። የማሾም ሌላ ነው። ምስር የሚዘሩ ከሆነ ግን የባቄላው ወገን ይቀበላቸዋል። ፓኬቱ ላይ ለየትኛው ሰብል እንደሆነና መቼ እንደተመረተ ተጽፏል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ጠርታችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት አስነብቡት።